«እማዬ፣ ወንድ ወንድን ያገባል?»፦ ትንሽ ልጅ ስለ ፆታ ዝንባሌ ሲጠይቅ መልስ የመስጫ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ከወላጆች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። አቀራረቡም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ እናት ወይም አባት ሌሎቹ ወላጆች እስኪወጡ ወደ ኋላ ቀረት ይሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህርት፣ ልጄ ስለ ሁለት ወንዶች አንድ ነገር ጠየቀኝና የምመልሰው ጠፋኝ» ይላሉ። ጉዳዩ በር ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚነገር ስላልሆነ፣ ለእነዚህ ወላጆች በቃል ስነግራቸው የቆየሁትን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው ከ4 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዓላማውም ልጁ የጠየቀውን ያህል እውነት አግኝቶ በሚቀጥለው ጊዜም ጥያቄውን ይዞ ወደ እርስዎ እንዲመጣ ማድረግ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ከትዳር ጓደኛዎ ጋር አስቀድመው የተስማሙበት አንድ አጭር መልስ። ልጅ ከእናቱ የሰማውን ወስዶ አባቱን መልሶ ይጠይቃል፤ ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ሦስተኛውን ፍለጋ ወደ ሰፈር ልጆች ይሄዳል። ልጁ ከአያት ወይም ከሞግዚት ጋር የሚውል ከሆነ እነርሱም ይህንኑ መልስ ቢያውቁት ይሻላል።

• የአካል ክፍሎች ትክክለኛ ስም። ልጁ «እጅ»፣ «ጉልበት» እንደሚለው ሁሉ «ብልት» እና «መቀመጫ» የሚሉትን ቃላት ሳያፍር የሚያውቅ መሆን አለበት። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 7 ላይ ይገኛል።

• ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ። ልጆች እጃቸው ሥራ ሲይዝና ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሲቀሩ ያዩትንና የሰሙትን በቀላሉ ይናገራሉ። ቡና የሚቆሉ ወይም ሽንኩርት የሚልጡ ከሆነ፣ ልጁ አጠገብዎ ተቀምጦ መርዳቱም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል።

• ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ጸጥ ያለ ጊዜ።

• ለራስዎ የሚሆን ጥቂት ዕውቀት፤ እርሱም ቀጥሎ ያለው ነው።

አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ

የፆታ ዝንባሌ የሚባለው አንድ ሰው በፍቅርና በወሲብ ስሜት የሚሳበው ወደ ተቃራኒ ፆታ፣ ወደ ተመሳሳይ ፆታ ወይም ወደ ሁለቱም መሆኑን የሚገልጽ ቃል ነው። አብዛኛው ሰው ወደ ተቃራኒ ፆታ ይሳባል፤ ወደ ራሳቸው ፆታ የሚሳቡ ሰዎች ግን በየአገሩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዝንባሌ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም.፣ ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል፤ ስለዚህ ልጁ «በሽታ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይደለም» ነው። «ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅም እንዲሁ። በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ ከአንድ የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ ታላላቆቹ «ሁለት ወንዶች ይጋባሉ» ሲሉ ሰምቶ፣ እንደ ጉንፋን የሚጋባ ነገር መስሎት ለሦስት ቀን ከማንም ጋር እጅ አልያያዝም ብሎ ነበር።

ሕጉን በሚመለከት፣ በኢትዮጵያ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል የሚፈጸም ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን የወሲብ ድርጊት በወንጀልነት ይደነግጋል። በሌላ በኩል ኔዘርላንድስ ከ2001፣ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በሕግ እንዲጋቡ ይፈቅዳሉ። ይህንን ሁሉ ለልጁ አይዘርዝሩለት። እርስዎ ማወቅ ያለብዎት፣ ልጁ በዲሽ ቴሌቪዥን ወይም በስልክ ያየውን ሠርግ ጠቅሶ ሲጠይቅዎ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው በዓይኑ ያየውን እንዳይክዱት ነው። አንድ ጊዜ ያየውን የካደ ወላጅ በሌላውም ነገር አይታመንም።

አሠራሩ

1. ፊትዎን ያረጋጉ። ልጁ ከቃልዎ አስቀድሞ የሚያነበው ፊትዎን ነው። ቅንድብዎ ከተነሣ ወይም ከሳቁ፣ ጥያቄው የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስቅ መሆኑን ተምሮ ይሄዳል፤ የጠየቀው ነገር ግን ሳይመለስ ይቀራል። አንድ ትንፋሽ ወስደው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ማለት ይበቃል። ጥያቄው የመጣው ሰው በተሰበሰበበት ከሆነ «ቤት ስንገባ እነግርሃለሁ» ይበሉና በዚያው ቀን ቃልዎን ይጠብቁ። እኔ ራሴ በዚህ ደረጃ ላይ ተሰናክያለሁ፤ የራሴ ልጅ ሰው በሞላበት ባጃጅ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲጠይቀኝ እጁን ጨብጬ ዝም አሰኘሁት፤ ቤት ስንገባም ጉዳዩን አላነሣሁትም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ስለ ገላውም ሆነ ስለ ጋብቻ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

2. ከመመለስዎ በፊት ይጠይቁ። «ምን አይተህ ነው?» ወይም «ማን ሲናገር ሰማህ?» ይበሉት፤ ቀጥሎም «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብለው ይጨምሩ። ድምፅዎ የምርመራ ድምፅ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ትንሽ ልጅ የጠየቀውና አዋቂ የሰማው ብዙ ጊዜ ስለማይገናኙ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው «ሁለት ሴቶች አብረው መተኛት ይችላሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቁ አድረው ነበር፤ ስትጠየቅ ግን ልጅቱ ለማወቅ የፈለገችው ከገጠር የምትመጣው አክስቷ በእርሷ አልጋ ላይ ታድር እንደሆነ ነበር።

3. ጥያቄው ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የተሳሳተ መልስ የሚመጣው በአብዛኛው እነዚህን አራት ነገሮች ከመቀላቀል ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ።

ሀ. ጓደኝነት። በጣና ዳር መንገድ ላይ ሁለት ወጣቶች ትንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው ሲሄዱ፣ በጥምቀት ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ፣ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ልጁ በየቀኑ ያያል። የውጭ ፊልም ያየ ወይም ከውጭ ለዕረፍት ከመጣ ዘመድ የሰማ ልጅ ደግሞ ይህንኑ ሲያይ «እነዚህም ተጋብተዋል?» ይላል። መልሱ «ጓደኛሞች ናቸው፤ ሰው የሚወደውን ጓደኛውን እጅ ይይዛል» ነው። እዚህ ላይ እርስዎ ከደነገጡ፣ ልጁ ከማግስቱ ጀምሮ የጓደኛውን እጅ መያዝ ያቆማል፤ ይህን በክፍሌ ውስጥ አይቻለሁ።

ለ. አብሮ መኖር። በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል የሄደ ቤተሰብ፣ ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እናት ታች ትቀርና አባትና ወንድ ልጅ ይወጣሉ። ልጁም «እዚህ ለምን ወንዶች ብቻ ይኖራሉ? ሚስት የላቸውም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ ምንኩስና ነው፤ «መነኮሳት ናቸው፤ ለጸሎት ብለው ሳያገቡ ለመኖር ቃል ገብተዋል» ብሎ መመለስ በቂ ነው። አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች ወይም ልጆቻቸውን አብረው የሚያሳድጉ ሁለት እህትማማቾችም በዚሁ ሥር ይካተታሉ።

ሐ. ፍቅርና ጋብቻ። ልጁ ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን እንደ ባልና ሚስት ይወድ እንደሆነ የጠየቀው በእርግጥ ከሆነ፣ ስለ ፆታ ዝንባሌ የተጠየቁት አሁን ነው። ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

መ. ጥቃት። «ትልቅ ሰው ትንሽ ልጅን እንዲህ አደረገው» የሚል ወሬ ሰምቶ የመጣ ልጅ የጠየቀው ስለ ፍቅር ወይም ስለ ዝንባሌ አይደለም። በሕፃን ላይ የሚፈጸም የወሲብ ድርጊት፣ አድራጊው ወንድም ይሁን ሴት፣ ተጎጂው ወንድም ይሁን ሴት፣ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉም ለብቻው በአንቀጽ 627 እና 631 ያየዋል። ሐ እና መ በልጁ አእምሮ ውስጥ አንድ ሆነው እንዳይቀሩ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል ስለ ጥቃት በሚወራ ወሬና በስድብ ብቻ የሰማ ወንድ ልጅ፣ ጥቃት ቢደርስበት እርሱ ራሱ ያ የሚሰደበው ሰው የሆነ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ለማንም አይናገርም። ጥፋቱ የአዋቂው እንደሆነና የልጁ እንዳልሆነ አስቀድሞ የሰማ ልጅ ግን አፉን ለመክፈት አይፈራም።

4. በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሱ፤ ከዚያም ዝም ይበሉ። ትንሽ ልጅ የሚፈልገው ሰው ማንን እንደሚወድና ከማን ጋር እንደሚኖር ማወቅ ነው፤ ስለ ወሲብ አልጠየቀምና ስለ ወሲብ አይንገሩት። ወንድና ሴት ስለመጋባታቸው ሲያስረዱት ያልነገሩትን ዝርዝር እዚህም መንገር አያስፈልግም። እንደ ዕድሜው የሚከተሉትን ናሙናዎች በራስዎ አነጋገር ይለውጧቸው።

ከ4 እስከ 5 ዓመት፦
«እማዬ፣ ወንድ ወንድን ያገባል?»
«በእኛ አገር ወንድና ሴት ናቸው የሚጋቡት። በሌላ አገር ግን ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች የሚጋቡበት አለ።»

በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ «ሳድግ ጓደኛዬን አገባለሁ» ካለ፣ «ሁልጊዜ አብሬው መጫወት እፈልጋለሁ» ማለቱ ነው። «በጣም ትወደዋለህ ማለት ነው» ብለው ይለፉት። አባቱን ወይም እናቱን አገባለሁ የሚለውም ይኸው ልጅ ነውና ከዚህ ተነሥቶ ስለ ወደፊት ዝንባሌው የሚታወቅ ነገር የለም።

ከ6 እስከ 7 ዓመት፦
«አባዬ፣ ሰውየው ለምን ሴት አይወድም?»
«ብዙ ወንዶች ሴት ይወዳሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ ወንድ ይወዳሉ። ሰው ማንን እንደሚወድ ቁጭ ብሎ አይመርጥም።»

ከ8 እስከ 9 ዓመት፦
«እማ፣ ለምን ሰው ይቆጣል?»
«በአገራችን ሕግ ተከልክሏል፤ ብዙ ሰው በእምነቱም አይቀበለውም። ሌላ ሰው ከዚህ የተለየ ሊያስብ ይችላል። እኛ ግን ማንንም አንሳደብም፣ ማንንም አንመታም።»

ለዚህ ዕድሜ ሕጉን መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ልጁ በዚህ ጊዜ የሰማውን ለሌሎች መናገር የሚችል በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከቤት ውጪ ጥንቃቄ የሚፈልግ መሆኑን ማወቅ አለበት።

5. የእምነትዎን ትምህርት ማከል ከፈለጉ በራሱ ስም ይንገሩት። «በዓለም ላይ ያለው ይህ ነው» እና «የእኛ ሃይማኖት የሚያስተምረው ይህ ነው» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይሁኑ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልጁ አንዱን ስህተት ሆኖ ባገኘው ጊዜ ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ስለ ሲኦልና ስለ እሳት በመንገር አያስፈራሩት፤ የ5 ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ የሚያድርበት ፍርሃት ሌሊት አልጋ ላይ ሽንት እስከ ማምለጥ ሊያደርሰው ይችላል፤ ትምህርቱ ግን አይገባውም።

6. ቃሉ በስድብነት ከመጣ ስድቡን ለብቻ ይያዙት። ልጁ ከትምህርት ቤት ተምሮት የመጣውን ቃል በእህቱ ላይ ሲጥለው ከሰሙ፣ መጀመሪያ «ምን ማለት ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኞቹ «ፈሪ» ወይም «መጥፎ ሰው» ማለት ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ «ሰው ለመጉዳት የምንጠቀምበት ቃል በዚህ ቤት አይነገርም» ይበሉት። ልጅዎ ራሱ የተሰደበ ከሆነ ደግሞ «አይደለሁም» እያለ ከመከራከር ይልቅ «እንዲህ አትበለኝ» ብሎ ለመምህሩ እንዲናገር ያለማምዱት፤ ክርክሩ ለተሳዳቢው ጨዋታ ይሆንለታልና።

7. የገላ ደኅንነት ደንብን በሌላ ቀን ያስተምሩ። በዚያው ውይይት ውስጥ ካስገቡት ልጁ ሁለቱን ነገሮች ያያይዛቸዋል፤ ይህም በደረጃ 3 የለየነውን መልሶ ያደባልቀዋል። በሚታጠብበት ወይም ልብስ በሚቀይርበት ጊዜ እንዲህ ይበሉት፦ «ብልትህንና መቀመጫህን ማንም አይነካም፤ እኔ ሳጥብህ ወይም ሐኪም እኔ ባለሁበት ሲያይህ ካልሆነ በቀር። ዘመድም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን። ደግሞ ‹ለእናትህ እንዳትናገር› የሚልህ ሰው ካለ፣ መጥተህ የምትነግረኝ ያንን ነው።» ትክክለኛው ስም የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ «እዚያ ጋ ነካኝ» ያለ ልጅ ምን እንደደረሰበት ሰሚው ላይገባው ይችላል።

8. ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይመለሱበት። «ያን ቀን የጠየቅኸኝ ነገር ገባህ?» ማለት በቂ ነው። ልጁ «እ» ብሎ ወደ ኳሱ ከሮጠ ጉዳዩ ለጊዜው ተዘግቷል።

ማስጠንቀቂያዎች

የሚያውቁትን ሰው ምሳሌ አያድርጉ። «እንደ እከሌ» ብለው የጎረቤት፣ የዘመድ ወይም የሰፈር ባለሱቅ ስም ከጠሩ፣ ልጁ በማግስቱ ይህንኑ በመንገድ ላይ ይደግመዋል፤ በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ወሬ ሰውን ከሥራው ሊያስወጣ፣ ሊያስደበድብም ይችላል። ልጁ ራሱ ስም ጠርቶ ቢጠይቅዎም «ስለ ሰው የማናውቀውን አንናገርም» ይበሉት።

የልጁን ጥያቄ ለሳቅ ብለው በቡና ላይ አያውሩት፣ በስልክ ቀርጸውም ለዘመድ አይላኩት። ልጁ መሳቂያ እንደሆነ ባወቀ ጊዜ መጠየቁን ያቆማል።

ልጁ ሲናገር ጥቃት እንደደረሰበት ከተረዱ ይህ መመሪያ እዚህ ላይ ያበቃል። ዝርዝሩን ደጋግመው አይጠይቁት፣ ገላውን አያጥቡት፣ ልብሱንም አያጥቡት፤ የለበሰውን በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ። «ስለ ነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብለው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ በከተማችን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይገኛሉ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው ከደረሰው ጥቃት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ በመሆኑ፣ «መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይምከሩበት» የሚለው አስተያየት የመድኃኒቱን ጊዜ ያሳልፋል። ለፖሊስ የሚቀርበው አቤቱታም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

«ስታድግ ታውቀዋለህ» ማለት። ልጁ እስኪያድግ አይጠብቅም፤ ስልክ ካለው ትልቅ ልጅ ይጠይቃል።

ረጅም ትምህርት መስጠት። ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ልጁ የሚያየው መስኮቱን ነው። ይህን ስህተት የሚሠሩት በአብዛኛው በደንብ የተዘጋጁ ወላጆች ናቸው።

ያላወቁትን መፍጠር። «አላውቅም፤ ጠይቄ ነገ እነግርሃለሁ» ማለት አያሳፍርም፤ ነገ ካልነገሩት ግን ያሳፍራል።

ጥያቄውን እንደ ምልክት መቁጠር። መጠየቅ ልጁ ወደ ራሱ ፆታ የሚሳብ መሆኑን አያሳይም፤ መልስ ማግኘቱም ዝንባሌውን አይለውጠውም። ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት መጫወቱ ወይም ሴት ልጅ ዛፍ ላይ መውጣቷም እንዲሁ ነው።

አልፎ አልፎ የሚመጣው ጥያቄ

በ8 ወይም በ9 ዓመቱ «እኔስ እንደዚያ ብሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አለ። ብዙ ጊዜ የሚፈትሸው ዝንባሌውን ሳይሆን የወላጁን ፍቅር መጠን ነው፤ በዚያው ሳምንት «ብሰርቅስ?»፣ «ከክፍል ብወድቅስ?» ብሎም ሳይጠይቅ አይቀርም። «ምንም ብትሆን ልጄ ነህ» ይበሉት፤ «ግን» የሚለውን ቃል አይጨምሩበት። ሌላ ጥያቄ አያስከትሉ፣ ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ ጠበል ለመውሰድ አይነሡ፣ ለዘመድም አይደውሉ። የጀመሩትን ሥራ ይቀጥሉና የእራት ሰዓት ከደረሰ እጁን እንዲታጠብ ይንገሩት።